የአንድ ጉልበት ጉባኤ

ልጄ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላት እንደ አያቷ መራመድ ጀመረች። እኛም ተቆጣናት።

ጠዋት ጠዋት ከመኝታ ቤት ግድግዳ ይዛ፣ ጉልበቷን ሳታጥፍ፣ "እህ" እያለች ትወጣለች። ከኋላዋ አማቴ ግድግዳ ይዘው፣ ጉልበታቸውን ሳያጥፉ፣ "እህ" እያሉ ይከተላሉ። ሁለቱ የሚተኙት አንድ ክፍል ነው። ይህን ሰልፍ ያየ ጤነኛ ሰው የሚደርስበት መደምደሚያ አንድ ብቻ ነው፤ ትንሿ በትልቋ ላይ እያሾፈች ነው።

"በእማማ ላይ ታላግጫለሽ?" አለቻት እናቷ።

"አላላገጥኩም።"

"ታዲያ እንደ ልጅ ሂጂ!"

እንደ ልጅ ለመሄድ ሞከረች፤ እስከ ረፋድ ድረስ አልሆነላትም። ከረፋድ በኋላ ግን ከጎረቤት ልጆች ጋር ገመድ ስትዘል ትገኛለች። ይህ ደግሞ ክሱን አጸናው። ጠዋት አሮጊት፣ ከሰዓት በኋላ ፍየል የሚሆን ሰው እያስመሰለ ለመሆኑ ምስክር መቁጠር አያስፈልግም። እኔ ሰው ሁሉ የተስማማበትን ነገር ካልተቃወምኩ እንቅልፍ የማይወስደኝ ሰው ነኝ፤ በዚያ ሰሞን ግን ከቤተሰቡ ጋር ሙሉ በሙሉ ተስማምቼ፣ ደህና እንቅልፍ ተኝቼ ነበር። መስማማት ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለኝም።

ነገሩ የታወቀው በእግር ውሃ ነው። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ አማቴ እግራቸውን ሙቅ ውሃ ውስጥ ሲዘፈዝፉ ልጅቷ አጠገባቸው ተቀምጣ የእሷንም እዚያው ሳፋ ውስጥ ከተተች። አማቴ ቀሚሷን ገለጥ አድርገው ጉልበቷን አዩ። የራሳቸውን አዩ። እንደገና የልጅቷን አዩ።

"ኧረ ይቺን ልጅ እዩልኝ! ጉልበቷ የእኔን አክሏል እኮ!"

እውነትም አክሏል። ግራ ጉልበቷ ለዘር እንደተመረጠ ድንች አብጦ፣ ሲነኩት ይሞቅ ነበር። ባለቤቴ አለቀሰች። እኔ መጽሐፍ ፍለጋ ሄድኩ። ዳንግላ ላለው ታላቅ ወንድሜ ተደወለለት። ጉባኤው የተጠራው እንዲህ ሆኖ ነው።

ስለ ጉባኤው ከመናገሬ በፊት ስለ ቤቱ ላስረዳ። የምንኖረው እንጅባራ ነው፤ እኔ ግን የዳንግላ ልጅ ነኝ። ታላቅ ወንድሜ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንለው፣ አሁንም እዚያው ቆርቆሮና ሚስማር ይሸጣል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ በሚኒባስ ይመጣል። ባለቤቴ ግምጃ ቤት ከምትባለው ከተማ የመጣች አገው ናት። እናቷ ባላቸው ካረፉ ወዲህ ከእኛ ጋር ናቸው። ስለዚህ በቤታችን ሁለት ቋንቋ ይነገራል፤ አማርኛውን ሁላችንም እናውቃለን፤ አገውኛውን ከእኔና ከጋሼ በቀር ሁሉም ያውቃል። በመጽሐፍ ያልዞርኩት አገር የለም፤ በገዛ ሳሎኔ ግን ግማሹን ወሬ የምሰማው ጣቢያው እንዳልተያዘ ሬዲዮ ነው። "ምን አሉ?" ስል "ምንም" ይሉኛል። ይህን ያህል ረጅም ንግግር "ምንም" ተብሎ የሚተረጎምበት ሌላ ቋንቋ አላውቅም።

ጋሼ ዕድሜውን ሙሉ ሰፈር ሲያስታርቅ የኖረ ሰው ነው። አራት ሰው አንድ ላይ ከተቀመጠ ያለ ሽምግልና ሥርዓት አያልፈውም። የሚነገረው በዕድሜ ተራ ነው፤ ከትልቅ ይጀምራል። አንዱ ሲናገር ሌላው አያቋርጥም። በመጨረሻ ጋሼ ተነስቶ ይመርቃል፤ አሜን እንላለን። አሜን የተባለበትን ነገር መልሶ ማንሳት ነውር ነው። ድንበር ለተጋፉ ሁለት ገበሬዎች ድንቅ ሥርዓት ነው። ለጉልበት ግን አንድ ጉድለት ነበረበት፤ በዕድሜ ተራ ሲኬድ የመጨረሻዋ ተናጋሪ ታማሚዋ ናት፤ ተራው እሷ ጋ ሳይደርስ ደግሞ ምርቃቱ ይደርሳል።

በመጀመሪያው ቅዳሜ አማቴ ጀመሩ። ግምጃ ቤት አንድ ወጌሻ አለ፤ ከዛፍ የወደቀ ሰው አንስቶ ያስኬደ ነው፤ እሱ ይሻት አሉ።

"ይህ የወጌሻ ነገር አይደለም" አለ ጋሼ። "ጸበል ነው። ጎህ ሲቀድ፣ በባዶ ሆድ።"

"በዚህ ብርድ?" አለች ባለቤቴ።

"ተራሽን ጠብቂ እንጂ፣ እቴ።"

ተራው የእኔ ነበር። ሦስቱንም ሐሳብ ተቃወምኩ፤ የባለቤቴን ገና ሳትናገር። ወጌሻ ያበጠውን ያብሰዋል፤ የእንጅባራ የንጋት ውሃ ጤነኛውንም ያንቀጠቅጣል፤ ሐኪም ደግሞ የማንረዳውን ስም አውጥቶለት ይሸኘናል፤ ትንሽ ጠብቀን እንየው አልኩ።

"ምን እስኪሆን?" አለ ጋሼ።

"እስኪለይለት።"

"አንተ እኮ ቤትህ ቢቃጠልም እስኪለይለት ነው የምትለው!"

ባለቤቴ ባህር ዳር እንውሰዳት፣ ሐኪም ይያት አለች። ከዚያ ተወሰነ። በእኛ ጉባኤ ወድቆ የሚያውቅ ሐሳብ የለም፤ የሰው ሐሳብ መጣል ሰውዬውን መጣል ስለሚሆን የሁሉም ይጸድቃል። ወጌሻው ጸደቀ፤ ጸበሉ ጸደቀ፤ ባህር ዳር ጸደቀ፤ መጠበቁም ጸደቀ። ጋሼ መረቀ። ልጅቷ በሩ አጠገብ በቀርከሃ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር። እሷም አሜን አለች።

ወጌሻው ሰኞ መጣ። ቅቤውን አሙቆ፣ እጁን አሻሽቶ፣ ጉልበቷን ያዘ። የጮኸችው ጩኸት በመንገዱ የሚያልፍ ባጃጅ አስቁሟል። አማቴ፣ እሱን ያስመጡት እራሳቸው፣ ከተቀመጡበት ዘለው ተነሱ፤ ጉልበታቸውን እንዲህ ሲያጥፉ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም።

"ተው አንተ ሰውዬ! እጅህን አንሳ!"

"እማማ፣ መጀመሪያ እንዲህ ነው…"

"መጀመሪያውም መጨረሻውም ይሄ ነው። ምሳ ብላና ሂድ።"

ምሳ በልቶ ሄደ።

ጸበሉ ላይ የገጠመን ችግር የሰዓት ነበር። ይህ የሆነው ከባህር ዳር ከተመለስን በኋላ ስለሆነ ባህር ዳርን ላስቀድም። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት። መርምራ፣ ደም አስመርምራ፣ "የመገጣጠሚያ ብግነት ነው፤ ልጆችንም ይይዛል" አለችን።

"ቁርጥማት ነው የምትይኝ?" አሉ አማቴ። "የእኔው ቁርጥማት?"

"ይመሳሰላል፣ እማማ። የእርስዎ ግን በዕድሜ የመጣ ነው። የእሷ የገዛ ሰውነቷ ተሳስቶ መገጣጠሚያዋን ሲያጠቃ ነው።"

አማቴ ልጅቷን በአዲስ አክብሮት አዩዋት።

ሐኪሟ ጠዋትና ማታ ምግብ ከበላች በኋላ የምትውጠው ኪኒን አዘዘች። በየቀኑ ይሰጣት፤ ደህና በሆነችበት ቀንም አይቋረጥ፤ ሆዷን ካመማት ንገሩኝ፤ ጠዋት ስትነሳ በሙቅ ጨርቅ ያዙላት አለች። ከዚያ ወደ ልጅቷ ዞረች።

"ሕመምሽን ከዜሮ እስከ አስር በቁጥር ንገሪኝ። ዜሮ ምንም አያመኝም ነው፤ አስር ከዚህ በላይ አልችልም ነው።"

ልጅቷ አሰበች። "ጠዋት ሰባት። አሁን አራት።"

"ጎበዝ! ለእናትና ለአባትሽ በየቀኑ እንዲህ ትነግሪያቸዋለሽ። መድኃኒቱ በቂ መሆኑን የማውቀው በአንቺ ቁጥር ነው።"

ከዚያ የሰዓቱ ችግር መጣ። ኪኒኑ በሙሉ ሆድ፣ ጸበሉ በባዶ ሆድ፤ ሁለቱም በጠዋት። የልጅቷ ሆድ ደግሞ አንድ ነው። ጋሼ ጉዳዩን ይዞ ጸበሉ ቦታ ወደሚያገለግሉት አዛውንት ቄስ ሄደ፤ እኔም አብሬው ሄድኩ፤ ሁለቱንም ወገን ለመቃወም።

"ትብላ፣ ኪኒኗንም ትዋጥ" አሉ ቄሱ። "ሕፃን ናት። ጸበሉ ከሰዓትም አለ።"

"በባዶ ሆድ አይደለም እንዴ አባ?"

"አንተ በባዶ ሆድ ጠጣ። ጤነኛው አንተ ነህ።"

እኔ ለመቃወም ያዘጋጀሁት ሁሉ ኪሴ ውስጥ ቀረ። ጋሼ ከዚያ ቀን ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ከዳንግላ ምንም ሳይቀምስ ይመጣና በእሷ ፈንታ ይጠጣል። ብርዱ ጥርሱን እያንቀጫቀጨው ሲመለስ "አሁን ቀለል አላት?" ብሎ ይጠይቃል።

እዚህ ድረስ ነገሩ ሁሉ በጎ ነበር። ያበላሸን ቁጥሩ ነው።

ጋሼ ነጋዴ ነው። ሰው ቁጥር ሲጠራበት ዝም ብሎ ሊቀበል አፉ እሺ አይለውም።

"ዛሬስ ስንት ነሽ፣ የኔ እናት?"

"ሰባት።"

"ሰባት? ኧረ ሰባት አይሆንም! ባለፈው ቅዳሜ ስድስት አልነበርሽም? ከዚያ ወዲህ ይኸን ሁሉ ኪኒን ውጠሽ፣ እኔም ይኸን ሁሉ ጸበል ጠጥቼ?"

"ሰባት ነው፣ ጋሼ።"

"አምስት በይው።"

"ስድስት።"

"አምስት ተኩል! አበቃ!"

ልጅቷ ለእርዳታ እኔን አየች። እኔ ደግሞ የራሴ ጥያቄ ነበረኝ። ሕመም በቁጥር ይለካል የሚለው ነገር ገና ከሐኪሟ ቢሮ ጀምሮ ሲኮሰኩሰኝ ነበር። "የአንቺ ሰባት የሌላ ሰው ሰባት መሆኑን በምን ታውቂያለሽ?" አልኳት። "ምናልባት የሌላ ሰው አራት ይሆናል።"

አሰበች። "አላውቅም።"

"አየሽ!" አልኩ። ክርክር ያሸነፍኩ መስሎኝ እራቴን በደስታ በላሁ። በማግስቱ ጠዋት ስድስት አለች።

እናቷ አትከራከርም፤ አትጠራጠርም። ሰባት ስትሰማ ዓይኗ ይሞላል፤ ስድስት ስትሰማም ይሞላል፤ አምስት ስትሰማ ወደ ጓዳ ትገባለች። አማቴ ደግሞ ከምድጃው አጠገብ "እኔ ስምንት ነኝ፤ ግን ማን ጠየቀኝ?" ይላሉ።

ቁጥሩ እየወረደ ሄደ። አምስት፣ አራት፣ ሦስት። አንድ ጠዋት ልጅቷ በሩ ላይ ቆማ፣ የደብተር ቦርሳዋን በክንዷ አንጠልጥላ፣ "ዜሮ" አለች። ባለቤቴ እልል አለች። ለጋሼ ተደወለ፤ የስልኩ ድምጽ ለሁላችን እንዲሰማ ተደረገ፤ ከሱቁ ሚስማር ሲንኳኳ ይሰማል።

"ዜሮ? ተመስገን! አላልኳችሁም? ጸበሉ ነው!"

"ኪኒኑ ነው፣ ጋሼ" አለች ባለቤቴ።

እኔ መጠበቁ ነው አልኩ። ጊዜ ያልፈታው ነገር እንደሌለ ያነበብኩትን ጠቀስኩ። አማቴ ምንም አላሉም። ዝም ማለታቸውን ማናችንም ልብ አላልንም፤ አማቴ ዝም ሲሉ ደስ የማይለው ሰው ቤታችን ውስጥ አልነበረም።

ዜሮው ዘለቀ። በዚያው ሰሞን ልጅቷ ማሰሪያ የሌለው ጫማ ግዙልኝ አለች። እኔ ይህን የዘመኑ ልጆች ስንፍና ምልክት አድርጌ ለጓደኞቼ አወራሁ። ሻይዋን በአንድ እጇ መጠጣት ትታ ብርጭቆውን በሁለት መዳፎቿ አቅፋ ትጠጣ ጀመር፤ እንዴት ያለ ጨዋ አያያዝ ነው አልን። በጥር የአገው ፈረሰኞች ለዓመታዊ በዓላቸው ከየአካባቢው ሲሰበሰቡ ደግሞ የአማቴ ወንድም ሁልጊዜ እንደሚያደርጉት ሊያፈናጥጧት መጡ። ዓመቱን ሙሉ ያንን ቀን ስትጠብቅ የምትኖር ልጅ፣ "ፈረስ አልወድም" ብላ ከአያቷ ጎን ቆማ ዋለች። አድጋለች ተባባልን። አንድ ሰው ይህን ሁሉ ምልክት በመጽሐፍ ውስጥ ቢያገኘው በሁለተኛው ገጽ ላይ ይነቃል፤ እኔ ግን የማነበው ሌላ መጽሐፍ ነበር።

ጋሼ አንድ ቅዳሜ ጉባኤ ጠራ። አጀንዳው ኪኒኑን ማቆም ነበር።

አማቴ ይጀምሩ ተባለ።

"እኔ ልለፍ" አሉ።

አማቴ ተራ አልፈው አያውቁም። የሰው ተራ ሲያልፉ ነው የምናውቃቸው። ጋሼ ግን ቸኩሎ ስለነበር ቀጠለ።

"ነገሩ ግልጽ ነው። ልጅቷ ዜሮ ናት። ለዜሮ መድኃኒት ይሰጣል? ሐኪሟ እራሷ ሆድ ሊጎዳ ይችላል ብላለች። ጉልበቷ ድኖ ጨጓራዋ ይታመም? እኔ ይብቃ እላለሁ።"

ባለቤቴ ተራዋ ባይደርስም ራሷን ነቀነቀች። ልጅቷ ከልክ በላይ መድኃኒት ትወስዳለች ብላ ስትሰጋ ከርማለች። "ቀጠሮው ገና ነው፤ እስከዚያ ብናሳርፋት" አለች። ስምምነት ሲመጣ ይሸተኛል። ሁለቱ ተስማምተዋል፤ አማቴ ዝም ብለዋል፤ የሚጎድለው እኔ ብቻ ነኝ፤ ጋሼ ለምርቃት ነጠላውን እያስተካከለ ነው። እውነቱን ለመናገር እኔም ይቁም የሚለው ሐሳብ አልከፋኝም ነበር። የከፋኝ የሚቃወም ሰው መጥፋቱ ነው።

"ልጅቷን እንጠይቃት" አልኩ።

"በየቀኑ እየጠየቅናት አይደለም እንዴ?" አለ ጋሼ። "ዜሮ ናት።"

"እሱን አይደለም። ዜሮ ምን ማለት ነው? ዜሮ እኮ ከሌሎቹ ቁጥሮች ሁሉ ዘግይቶ የመጣ ነው። የጥንት ሰዎች ያለ ዜሮ ስንት ግንብ ገንብተዋል…"

"ጀመረው!" አለ ጋሼ።

"አልጨረስኩም። ተራዬ ነው። አንድ ነገር የለም ለማለት መጀመሪያ የነበረው ወዴት እንደሄደ ማወቅ ያስፈልጋል።" ወደ ቀርከሃው ወንበር ዞርኩ። "ልጄ፣ ሰባቱ ወዴት ሄደ?"

እግዜር ያውቃል፣ ለክርክሩ ማሳመሪያ የጣልኩት ጥያቄ ነው። ልጅቷ ግን ቀና ብላ አያቷን አየች። አማቴ በአገውኛ አንድ ነገር ተናገሩ፤ አጭርና ቆጣ ያለ። ልጅቷ በአገውኛ መለሰች። አማቴ እንደገና ተናገሩ፤ አሁን ለስለስ አድርገው። ከዚያ ልጅቷ ረጅም ነገር ተናገረች፤ ሳታቆም፣ ዓይኗን ከጉልበቷ ሳታነሳ። ባለቤቴ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

እኔና ጋሼ፣ ጉባኤውን የምንመራው ሁለቱ ወንዶች፣ አገር ሊጎበኙ እንደመጡ ሰዎች ተያየን።

"ምን አለች?" አልኩ።

"ቆይ" አለች ባለቤቴ።

"ምን አለች እኮ?"

ያን ቀን መልሱ "ምንም" አልነበረም። ባለቤቴ ተረጎመችው፦ "'ሰባት ስል ጋሼ ይቀንስብኛል። ስድስት ስል አባዬ በምን አወቅሽ ይለኛል። አምስት ስል እማዬ ታለቅሳለች። ዜሮ ስል ሁሉም እራቱን ይበላል' ነው ያለችው።"

ከውጭ የባጃጅ ጥሩምባ ይሰማል።

"እና ያምማታል?" አለ ጋሼ ቀስ ብሎ።

"በየጠዋቱ" አሉ አማቴ በአማርኛ። "አሁን ደግሞ የእጅ አንጓዋንም ይዟታል። ብርጭቆውን አታዩም? ስነሳ ስንት ነሽ እላታለሁ፤ ሰባት ትለኛለች። አንቺስ እማማ ትለኛለች፤ ስምንት እላታለሁ። ጨርቅ አሙቄ አስርላታለሁ፤ እሷ ደግሞ ነጠላዬን ታቀብለኛለች። ከዚያ ወደ እናንተ እንወጣለን።"

"ታዲያ ለምን አልነገሩንም?" አለች ባለቤቴ።

"አትንገሪ ብላኛለች። በአገውኛ የነገረችኝን ምስጢር በአማርኛ ላወጣ ነው?"

"ለእኔ በአገውኛ መንገር ይችሉ ነበር!"

አማቴ ይህን አላሰቡበትም ነበር መሰል፤ ወደ መስኮቱ ዞሩ።

ጋሼ የደረሰበትን ላየ ያሳዝናል። በሠላሳ ዓመት የሱቅ ሕይወቱ እንዲህ የከሰረበት ንግድ ያለ አይመስለኝም። ነጠላውን ከትከሻው አውርዶ ጭኑ ላይ አስቀመጠ። "እኔ እኮ የቀነስኩት" አለ፣ "እንዲቀንስላት ብዬ ነው።" ሌላ ጊዜ ቢሆን ይህን ዓረፍተ ነገር ብትንትኑን ባወጣሁት ነበር። አልነካሁትም።

ኪኒኑ አልቆመም። ቀጠሮውን ሳንጠብቅ ሰኞ በሌሊት ባህር ዳር ሄድን። ሐኪሟ ለልጅቷ ወንበር ሰጥታ እኛን አቆመችን። ልጅቷ ሁሉን ነገረቻት፤ ሰባቱንም፣ ዜሮውንም፣ ዜሮው ከየት እንደመጣም፤ በአማርኛ፣ ሁላችንም እየሰማን። ባለቤቴ ዓይኗን ጣሪያው ላይ ተክላ እንባዋን ወደ ውስጥ መለሰች። ሐኪሟ አንጓዋን፣ ጣቶቿን፣ ጉልበቷን አየች። በሳምንት አንድ ቀን የሚወሰድ ሌላ መድኃኒት ጨመረች፤ ለመሥራት ሳምንታት ይፈጅበታል፤ በየጊዜው ደሟ እየታየ ነው የሚሰጣት አለች። "ኪኒኑን አቁማችሁ ቢሆን ኖሮ" ብላ ጀመረችና የልጅቷን ፊት አይታ ተወችው። እኔ ስለ አዲሱ መድኃኒት ጉዳት ያነበብኩት ነበረኝ፤ ጠየቅኳት፤ ጥሩ ጥያቄ ነው ብላ እየነጠለች መለሰችልኝ። ለጥያቄዬ በሕይወቴ በዚያ ዓይነት ትዕግስት የመለሰልኝ ሰው ስለሌለ የምቃወመው አጣሁ።

ከጥቂት ቅዳሜዎች በኋላ ጋሼ መጣ። በሥርዓቱ ላይ አንድ ማሻሻያ አቅርቤ ነበር፤ በአንዳንድ አገር የጦር ፍርድ ቤት ትንሹ ማዕረግ መጀመሪያ ይናገራል፤ የትልቆቹን ፊት አይቶ ሐሳቡን እንዳይቀይር። እኛም ከትንሿ እንጀምር አልኩ።

"ቤቱን ጦር ሰፈር አደረግከው" አለ ጋሼ። ግን ተቀመጠ።

ልጅቷ እግሯን በርጩማ ላይ ዘርግታ፣ ጉልበቷ ላይ የአያቷን ሙቅ ጨርቅ አድርጋ ነበር።

"ስድስት" አለች።

ጋሼ አፉን ከፈተ። ጉሮሮው ውስጥ አምስት ሲንቀሳቀስ አየሁት። እኔም ምላሴ ላይ አንድ ጥያቄ መጥቶ ቆሟል። ባለቤቴ የመጋረጃውን አበባ ትቆጥራለች። ጋሼ አፉን ዘጋ፤ ምራቁን ዋጠ።

"እሺ" አለ። "ስድስት።"

ላቡን በመሐረብ ጠረገ።

"እኔ ስምንት ነኝ" አሉ አማቴ።

"እማማ፣ ተራዎን ይጠብቁ" አለች ልጅቷ። "አሁን እርስዎ የመጨረሻ ነዎት።"

አማቴ እየሳቁ በአገውኛ አንድ ነገር አሏት፤ እሷም ሳቀች። ምን አሉ ብዬ አልጠየቅኩም። ስንጨርስ ጋሼ ተነሳና ነጠላውን አስተካከለ። ከዚያ፣ ከዚያ በፊት አድርጎት የማያውቀውን፣ ወደ ልጅቷ ዞሮ ፈቃድ ጠየቀ።

"ልመርቅ?"

"ይረዝማል?"

"እንደ ወትሮው ነው።"

"ብዙ ስቀመጥ ጉልበቴ ይደርቃል።"

"እሺ፣ አሳጥረዋለሁ። አምስት ደቂቃ።"

"ሁለት።"

"ኧረ በሁለት ደቂቃ ምን ይመረቃል? አራት።"

"ሁለት ተኩል" አለች ልጄ። "አበቃ!"

ጋሼ በሁለት ተኩል መረቀ። አሜን አልን።